ታችኛው ስድስተኛ

በእኛ ጊዜ ተማሪ ወደ ላይ ነበር የሚቆጥረው፤ ከአንድ ጀምሮ እስከ አስራ ሁለት፣ አለቀ። ወደ ታች የሚቆጠር ትምህርት ያየሁት እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ነው፣ ሂልቶፕ ሰፈር፣ ልጄ ቤት ሳሎን ቁጭ ብዬ። አትሳቁ እንጂ! ስሙኝ።

የልጅ ልጄን ሳምሪን ታውቋት የለ? የዳንኤል ልጅ፣ ያቺ መጽሐፍ ከእጇ የማይለየው። ታዲያ ይቺ ልጅ አስረኛ ክፍል እንደጨረሰች እንግሊዝ አገር ያለ ሴኮንደሪ ስኩል፣ አዳሪ ነው፣ ሁለት ዓመት በነፃ እናስተምርሽ አላት። እና ቅዳሜ ጠዋት ቪዲዮ ኮል አደረጉ። ዳንኤል ዌርሃውስ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ መጥቶ ተኝቷል፤ "አባዬ፣ የወላጅ ፊርማው ሲደርስ ቀስቅሰኝ" ብሎኛል። እና እኔ ከሳምሪ ጎን ተቀመጥኩ።

ዳይሬክተሯ ጨዋ ሴትዮ ናት። የትምህርት ቤቱን ታሪክ ታወራለች፣ ሳምሪ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ትነግረኛለች። "ድሮ ድሮ አንድ የሱፍ ነጋዴ፣ ልጅ የለውም፣ ለድሃ ልጆች ሠራው" አለችኝ። ነፍሱን ይማር አልኩ። "አሁን ግን ሀብታሞች ናቸው የሚማሩት፣ ከፍለው።" እንዴ? "ፐብሊክ ስኩል ነው የሚባለው።" ታዲያ የመንግሥት ነዋ! "ኖ፣ ፕራይቬት ነው።" ፐብሊኩ ነው ፕራይቬት? "የስ።" እና የድሃው የሀብታም ነው፣ የሕዝቡ የግል ነው፤ ዙሪያው ገደል ሆነብኝ! "ነጋዴው ግን ሲሞት ሁልጊዜ ለአንድ ድሃ ልጅ ቦታ ይኑር ብሏል፣ እሱን ለኔ ሰጡኝ" አለች። እሺ፣ ይቺ እንኳ ገባችኝ።

ታዲያ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ምን ትላለች? "ሳምራዊት ዊል ጆይን አወር ሎወር ሲክስዝ!"

"ምን አለች?" አልኩ።

"ታችኛው ስድስተኛ ትገቢያለሽ አለችኝ።"

ስድስተኛ! ስድስተኛም ሆኖ ደግሞ ታችኛው!

ልጆቼ፣ ደሜ ፈላ። ለምን መሰላችሁ? በዲቪ ስንመጣ ዳንኤል አስራ አንደኛ ክፍል ነበር። እዚህ ሃይስኩል ላስገባው ብሄድ ወረቀት ሰጡኝ፣ ፈረምኩ፤ ምን እንደሚል አላውቅም። ለካ ሁለት ክፍል ዝቅ አድርገውታል። ጺም ያወጣ ልጅ ከሕፃናት ጋር! አፈረ፣ ዓመቱን ሳይጨርስ ትቶት ዌርሃውስ ገባ፣ ይኸው እስከዛሬ ካርቶን ያነሳል። እኔ ነኝ የፈረምኩት። አንድም ቀን "ምነው አባዬ" ብሎኝ አያውቅም፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

እና ብድግ አልኩ። "ኖ ሲክስ! ኖ! ሺ ኢዝ ቴን!"

ሴትዮዋ ክው አለች። "ቴን? ሺ ኢዝ ቴን?" ብላ ሳምሪ ላይ አፈጠጠች። ለካ የአስር ዓመት ልጅ ናት ያልኳት መስሏታል! ሳምሪ ፊቷን ሸፍና "ኖ፣ ኖ፣ አይም ሲክስቲን! ግራንድፓ፣ ስቶፕ!" ትላለች። እኔ "ቴን!"፣ ሴትዮዋ "ቴን?"፣ ልጅቷ "ሲክስቲን!"፤ ቤቱ ገበያ ሆነ።

በጩኸቱ ዳንኤል በካልሲው ወጣ። "ምንድነው አባዬ?"

"ስድስተኛ ሊያወርዷት ነው! ብትፈርም ልጄ አይደለህም!"

ቁጭ ብሎ ሴትዮዋን ጠየቃት፣ አዳመጣት፣ ከዚያ ወደኔ ዞረ። "አባዬ፣ እዚያ ስድስተኛ የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ታችኛው፣ በዓመቱ ላይኛው፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። አቆጣጠራቸው ለኔም አልገባኝም፣ ግን አልወረደችም" አለኝ።

ሴትዮዋን ሶሪ አልኳት። ዳንኤልም ፈረመ። ላፕቶፑን ዘጋና ትከሻዬን ያዝ አድርጎ "አባዬ፣ ያኔ ለኔም እንዲህ በጮህክልኝ ኖሮ" አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ እጁን ያዝኩት። ሃያ ዓመት ስጠብቃት የኖርኩ ቃል ናት፤ ስትመጣ ቀለለኝ እላችኋለሁ።

ይኸው ሳምሪ ሄደች፣ ዓመቱንም በጥሩ ውጤት ጨረሰች።

"ታዲያ ዘንድሮ ስንተኛ ክፍል ገባች ጋሼ?"

ስድስተኛ።

"ውይ በሞትኩት! ደገመች እንዴ?"