ባለ ቢጫ ፊቷ ተርብ

ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያስቆምሻል? ያ ደረጃ ጉልበትሽን ጨረሰው አይደል? ከመዝገብ ቤት እስከዚህ ሦስት ፎቅ መውጣት ቀላል አይደለም። ተቀመጪ… እዛኛው ላይ አይደለም እቴ፣ ጢንዚዛ አስጥቼበታለሁ። እዚህ ከኔ ጎን ሁኚ። በሩን ተይው፣ አየር ይግባልን። አዎ፣ አለቃችን ማዶ ቢሯቸው ውስጥ ናቸው፣ የሳቸውም በር ክፍት ነው። ይስሙና! ምን ክፉ ልናወራ ነው?

ያመጣሽው ወረቀት ይሄ ነው? አሳዪኝማ። ፊርማቸው እንዴት ያምራል በይ… ግማሽ ገጽ ይዟል። ተርቧ ትርጠብ ብለው ነው ያዘዙት። ነገ ከውጭ የሚመጣው መርማሪ መንጋጋዋን ከፍቶ ማየት ፈልጓል፤ የደረቀ ነፍሳት ደግሞ ሳይረጥብ ከነኩት ይሰበራል። እርጥብ አሸዋ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከትቶ ክዳኑን መግጠም ነው፣ እስከ ነገ ትለሰልሳለች።

አይተሻት አታውቂም እንዴ? ነይ፣ በማጉያው እያት። በዓለም ላይ አንድ ብቻ የተገኘችው ይቺ ናት። ሰውነቷ ቀይ፣ ፊቷ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ። ዘመዶቿ በሙሉ ፊታቸው ቀይ ነው። እሳቸው አዲስ ዝርያ ናት ብለው አሥራ አራት ገጽ ጻፉላት። ለአንድ ፊት አሥራ አራት ገጽ! እኔ የራሴን ፊት ግማሽ ገጽ አልሞላበትም።

ሦስት ሳምንት በረሃ ወርደን ነበር። እነዚህ ተርቦች ብቸኞች ናቸው፤ ቀፎ የላቸው፣ ንግሥት የላቸው። እያንዳንዷ ጉድጓዷን ራሷ ትቆፍራለች፣ ሸረሪት ወግታ ታደነዝዛለች፣ እየጎተተች ታስገባለች፣ እንቁላሏን ጥላ ትዘጋለች። አለቃ የሚባል ነገር አያውቁም፣ የታደሉ! እኔ አሸዋው ላይ በሆዴ ተኝቼ ስጠብቃቸው፣ እሳቸው መኪና ውስጥ ማቀዝቀዣውን ከፍተው ያስባሉ። ልክ ናቸው እኮ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ፀሐይ ላይ ይሰጣል? ይቺን ጨምሬ አሥራ አንድ ያዝኩ። ይቅርታ… ያዝን። ጽሑፉ ላይ «ያዝን» ነው የሚለው።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ምስጋና አለው። ሾፌሩ ተመስግኗል፣ ይገባዋል። ባለቤታቸው ስለ ትዕግሥታቸው ተመስግነዋል፤ እሳቸውማ ከማናችንም በላይ ይገባቸዋል። መኪናውን ያዋሰን መሥሪያ ቤት ተመስግኗል። ከዚያ «ሌሎችም» ይላል። ሌሎችም እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ… አልዋሽሽም፣ ቆጭቶኛል። ቤት ወስጄ ለእናቴ ሳነብላት፣ «አንቺ የቱ ጋ ነሽ?» አለችኝ። ጣቷን ይዤ እዛች ቃል ላይ አስቀመጥኩላት።

ትሕትናቸው ደግሞ! በሙያችን አዲስ ነፍሳት ያገኘ ሰው በራሱ ስም መሰየም ነውር ነው። እሳቸው ነውር ያውቃሉ፣ በአባታቸው ስም ሰየሟት። ነፍሳቸውን ይማርና አባትየው ተርብ ሲያዩ ይሮጡ ነበር አሉ… ያ ስም ከማን ስም ቀጥሎ እንደሚጻፍ እንግዲህ አንቺ የመዝገብ ቤት ሰው ነሽ።

ከሁሉ የማደንቅላቸው ግን ሰው አለማስቸገራቸውን ነው። አንድ ቀን እኔ ምሳ ወጥቼ ሳጥኑን ከፍተው ሲያዩ አስነጠሳቸው። ማስነጠስ የማንም ነው። የደረቀ ተርብ አንገቱ ክር ነው፣ በኔም እጅ ስንቱ ጭንቅላት ወድቋል። እኔን ከምሳዬ ላለማስነሳት ብለው ራሳቸው በሙጫ መለሱት። ስመጣ ሙጫው አልደረቀም። ከበረሃዋ ተርብ ጎን አንዲት ተራ ተርብ ነበረች፣ ያቺ መስኮታችን ላይ ሁሌ የምትጮኸው፣ ባለ ቢጫ ፊቷ። አሁን ሳጥኑን ብታዪው… እሷ ፊቷ ቀይ ሆኗል። ምስኪን፣ ለሷ ግን አንድ ገጽ እንኳ የጻፈላት የለም።

እዚህ ክፍል ልማድ አለን። የወደቀ ጭንቅላት የመለሰ ሰው፣ ከመርፌው ሥር ባለችው ብጣሽ ወረቀት ላይ «ተጣብቋል» ብሎ ይጽፋል። ትናንት የተቀጠረ እንኳ ይጽፋል። ይቺ ወረቀት ላይ ምን ይታይሻል? እኔም አይታየኝም። ጽሑፉ ሳይታተም ሁለቴ በራቸውን አንኳኩቼ ነበር። «መርፌውን አንቺ ያዢ፣ ማሰቡን ለኔ ተይው» አሉኝ። ተውኩላቸው።

ሙጫችን ውሃ ሲነካው እንደሚለቅ ነግሬሻለሁ? ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ የተሳሳተ ሰው ማረም እንዲችል። ድምፄ ከፍ አለብሽ እንዴ? ማዶ እንዲሰማ እኮ አይደለም…

እስቲ ወረንጦውን አቀብዪኝ። ክዳኑን ከፈትኩ… ቀስ አድርጌ… ቆይ፣ ወንበራቸው ተንቋቋ። ተነሡ መሰለኝ። አንድ ቃል ቢሉኝ እዚሁ አቆም ነበር፣ እውነቴን ነው። ስህተት የማያውቀው ማን አለ? ብጣሿን ወረቀት ራሴ እጽፍላቸው ነበር…

ተመልሰው ተቀመጡ። በቃ፣ ታዝዤ የለ? ገባች፤ ክዳኑ ገጠመ። ወረቀቱን ሰዓቱን ጽፈሽበት ፋይል አድርጊልኝ፣ ፊርማው በደንብ እንዲታይ። መርማሪው ደግሞ ትናንት ምን ብሎ ቢጽፍልኝ ጥሩ ነው? «ሌሎችም የተባሉትን ማነጋገር እፈልጋለሁ፣ የበረሃ ማስታወሻቸውን ይዘው ይምጡ።» ለእናቴ አንብቤላታለሁ።

እሳቸውን ግን አደራ፣ ማንም ክፉ እንዳያወራባቸው። በኛ ሙያ ተርብ የሰየመ ሰው ስሙ ከሷ ጎን ይጻፋል፣ ነገ ሌላ ነገር ቢገኝባት እንኳ አይፋቅም። እግዜር ስማቸውን ከጎኗ አይለይባቸው። ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ ክፉ ዓይን አይይብን… ጭንቅላታቸውንም በቦታው ያቆይልን።