የባሕር ዳርቻው ቤት አደራ

ባለፈው ጥቅምት ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ደባርቅ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳባት ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማ ፍለጋ ሲሄድ ተሳፋሪዎቹ አንድ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሳምንቱን ሙሉ ሳስተምር ሰንብቼ ስለ ነበር ለወሬ አቅም አልነበረኝም። ከጎኔ ግን የማውቃቸው የደባርቅ ገበሬ አያ ቢራራ ነበሩ፤ ጆሯቸው ደከም ስላለ ስልካቸውን ድምፁን ከፍ አድርገው ሲያነሱት የተባለውን ሁሉ ሰማሁ።

የደወለችው ኦማን ውስጥ፣ በአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው እየሩስ ነበረች።

«አባዬ፣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ይመጣል ተብሎ ሰው ሁሉ ከባሕሩ እየሸሸ ነው። አሠሪዎቼ ቤቱን ጠብቂ ብለውኝ ሄዱ። ጎረቤቶች ደግሞ እንውሰድሽ ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

«የሰው አደራ ጥሎ መሄድ ነውር ነው፣ ልጄ። ቤቱ ግንብ አይደለም እንዴ? በሩን ዘግተሽ ጸሎት አድርሺ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

የሱቋ ባለቤት ፈይዛ ጨርቅ ማጠፏን ተወች። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ልጅዎን ለሞት ነው የተዉአት» አለች።

አያ ቢራራ ተቆጡ። «እኔ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። ነፋስ ቆርቆሮ ሲነቅል ስንቴ አይቻለሁ። ግንብ ሲያፈርስ ግን አላየሁም።»

«ነፋሱስ ባልከፋ። እኔም እዚያው አገር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙውን ሰው የሚፈጀው ውሃው ነው። አውሎው ባሕሩን እየገፋ ወደ የብስ ያወጣዋል፤ መኪና እያንሳፈፈ ነው የሚገባ። በር ቢዘጉበት ከውጭ ተጭኖ ይይዘዋል፤ ኋላ ልውጣ ቢሉ አይከፈትም።»

«ባሕርማ ወሰን ተሠርቶለታል፤ ‹እስከዚህ ድረስ› ተብሎ ተጽፏል።»

«ወሰን የሠራለት ፈጣሪ ለእኛ መሸሻ እግር ሰጥቶናል» አለች ፈይዛ። ስትቀጥል ድምፅዋ ይህንኑ ነገር ደጋግሞ መናገር የሰለቸው ሰው ድምፅ ነበር። «ዘኪያ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ነፋሱ ጸጥ ሲል አለፈ ብላ ዕቃዋን ልታነሳ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ጸጥታው ግን የአውሎው መሐል ኖሯል። ነፋሱ በሌላ በኩል ዞሮ መጣ፤ ውሃውም አብሮት። ለእናቷ መርዶውን የነገርኩ እኔ ነኝ።»

አያ ቢራራ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አደራውስ?»

እንደ እርሳቸው ቃሉን የሚያከብር ሰው ሲሳሳት መመለሱ ከባድ ነው፤ የተሳሳተው በበጎ ነገር ነውና። «አያ ቢራራ፣ ቤት ቢፈርስ ይሠራል። እየሩስስ የማን አደራ ናት?» አልኳቸው።

ስልካቸውን አንስተው ደወሉ፤ አልገባም። ደገሙ፤ አልገባም። ፈይዛ ስልኩን ተቀብላ ትሞክር ጀመር። በአራተኛው ጠራ።

«እየሩስ፣ ቅድም ያልኩሽን ተይው። አሁኑኑ ከጎረቤቶቹ ጋር ሂጂ! ነፋሱ ጸጥ ቢልም ተመለሱ ሳይሏችሁ እንዳትመለሺ።»

ልጅቱ እያለቀሰች «እሺ፣ አባዬ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ስልኳ አልሠራም። በሦስተኛው ቀን ሰው ከተጠለለበት፣ ከፍ ካለ ቦታ ካለ ትምህርት ቤት ደወለች። የአሠሪዎቿን ቤት ምድር ቤቱን ውሃ እስከ ጣሪያው ሞልቶት ነበር። እመቤቷ አግኝታ ስታናግራት መጀመሪያ የጠየቀቻት ስለ ምንጣፎቹ ነበር።

አያ ቢራራ በእነዚያ ቀናት ከስተው ሥጋቸው እስካሁን አልተመለሰላቸውም። በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ግን ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ያሉትን ወላጆች ሰብስበው እንዲህ አሏቸው፦

«ልጆቻችሁ ሲደውሉ ከባሕር ምን ያህል እንደሚርቁ፣ ሽሹ ቢባሉ የት እንደሚሸሹ ጠይቋቸው። ማስጠንቀቂያ በሰሙ ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲወጡ ከዛሬው ንገሯቸው። የእኔ ልጅ አደጋውን ከእኔ ይልቅ ታውቀው ነበር። የደወለችልኝ ምክር ፈልጋ አልነበረም፤ ሂጂ እንድላት ነበር።»