የጊፋታን በሬ የበላው ጆሮ

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ ሰሞን ነው። ከሶዶ ወደ አረካ የሚሄደው ታክሲ አልሞላ ብሎ እኔ እቃጠላለሁ፤ ከጎኔ አንድ ጆሮው በፋሻ የተጠቀለለ ሰውዬ ከጎረቤቱ ጋር ይሳሳቃል።

«ዓመቱን ሙሉ ለጊፋታ በሬ በማኅበር ያጠራቀምነውን ብር ያንተ ጆሮ በላው» አለ ጎረቤትየው።

«ምን ላድርግ? የቆዳ ካንሰር ነው አሉኝ። እዚህ ሐኪም ሳጣ ሐዋሳ ሄድኩ፤ እዚያ ደግሞ መጀመሪያ ክፈል አሉኝ።»

«ስምንት አባወራ ለአንድ ጆሮ ብሎ በሬ ሳያርድ ሊውል ነው።»

«ለግማሽ ጆሮ። ግማሹን ቆርጠውታል።»

«ጭራሽ በግማሽ ጆሮ ሙሉ በሬ?»

ሁለቱም በሳቅ ወንበሩን አነቃነቁት።

«ቆይ፣ ዛሬ ሐዋሳ የሰጡህ ውጤት ምን ይላል?»

«ጠርቷል። ምንም የቀረ ነገር የለም፣ ከፀሐይ ብቻ ተጠንቀቅ አለኝ ሐኪሙ።»



«እና ጊፋታን በዶሮ ልንውል ነው?»

«በኔ ጦስ።»

«ይሁና። በሬ በበዴሳ ከተማ ገበያ ሞልቷል። አንተን ግን የሚሸጥ የለም።»

«የሚገዛም የለም።»

እንደገና ሳቁ።

ታክሲው ሲንቀሳቀስ ፀሐይዋ በኔ መስኮት ገብታ ፋሻው ላይ አረፈች፤ መጋረጃውን ሳብኩት።