ሌላ ኛማል እንዳትሆን

ከጀዊ ወደ ጋምቤላ በምንሄድበት ባጃጅ ውስጥ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በስልክ ስለ ሚድ ፈተና ስታወራ የሰሙ ሽማግሌ ጠየቋት።

«ኛማል የምትባል ልጄን ታውቂያታለሽ? ግብርና ነው የምትማረው።»

«አውቃታለሁ! እንኳን ደስ አለዎት አባባ።»

«ለምኑ? ሚድ ወደቅኩ አለችኝ።»

«ኧረ አንደኛ ናት! በሩዝ ጥናቷ ተሸልማ ፎቶዋ በዩኒቨርሲቲው ፌስቡክ ወጥቷል።»

«ሌላ ኛማል እንዳትሆን።»

«የእርስዎ ናት፤ ግብርና ላይ ሌላ ኛማል የለችም። ‹አዲስ አበባ ሄደሽ ተማሪ› ሲሏት ግን እምቢ አለች።»

«እምቢ? ለምን እምቢ?»

«‹የአባቴ ዓይን ደክሟል፤ ትቼው አልሄድም፤ ከሰማ ግን ሂጂ ይለኛል› ብላ።»

«ማን ደከመ? እኔ አያለሁ። አንቺንም አያለሁ።»

«እሺ አባባ።»

«ሹፌር፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አቁምልኝ።»

ባጃጁ ሲቆም ሽማግሌው በተዘጋው በኩል ሊወርዱ እጃቸውን ዘረጉ፤ እኔም ቀድሜ ወርጄ በክፍቱ በኩል ክንዴን ሰጠኋቸው።