የሌለኝን ግመል ፍለጋ

በእኛ ጊዜ ሦስት መቶ አርባ ማለት ጥንድ በሬ ከነቀንበሩ ነበር። ሦስት መቶ አርባ ብር የያዘ ሰው በቆቦ ገበያ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለት ነበር፣ እውነቴን ነው። እና ሐኪሟ «አባቴ፣ ሦስት መቶ አርባ ነው» ስትለኝ የመድኃኒቱ ዋጋ መስሎኝ «ትንሽ አትቀንሺልኝም?» አልኳት። እሷም «የሚቀንሱትስ እርስዎ ነዎት፤ ደምዎ ውስጥ ያለው ስኳር ነው» አለችኝ።

ስኳር። እስቲ ስሙኝ፣ ስኳር ለእኔ ምንድን ነው? ከስልሳ ስድስቱ ረሃብ ባዶ እጄን ተርፌ፣ በሰው ሱቅ በር ጆንያ ተሸክሜ፣ ከዚያ አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቼ በወረቀት እየጠቀለልኩ በማንኪያ የቸረቸርኩ ሰው ነኝ። ይህ የተቀመጣችሁበት ቤት ግድግዳው ስኳር ነው፣ ጣሪያው ስኳር ነው። ታዲያ «እኔ ስኳር ሸጥኩ እንጂ አልላስኩ፣ ከየት ገባብኝ?» አልኳት።

«ሻይ በስንት ማንኪያ ነው የሚጠጡት?»

«በአራት። ብርጭቆዋ ግን ትንሽ ናት።»

«በቀን ስንት ብርጭቆ?»

«ገበያ የዋለ ሰው ብርጭቆ ይቆጥራል እንዴ?» አልኳት። እኔ የማልቆጥረው ነገር እንደሌለ ታውቃላችሁ፤ ያን ቀን ግን መቁጠሩ አላዋጣኝም።

ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ተወችው። እግሬ እየደነዘዘ ጉንዳን የሚሄድበት እንደሚመስለኝ ነግሬያት ነበርና «እንዲህ ከቀጠሉ እግርዎን ያጣሉ» አለችኝ። ይህን ስትል ጎረቤቴ ሰይድ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ሰይድ አብሮኝ ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው፤ በዚሁ በሽታ እግሩን ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ በሩ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ታዲያ ቀልዱን ትቼ «ምን ላድርግ?» አልኳት።

«መድኃኒቱን ይዋጡ፣ የተሸፈነ ጫማ ያድርጉ፣ እና በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ።»

«የት?»

«የትም።»

«የትም እንዴት ተደርጎ ይኬዳል?»

«ዝም ብለው ሄደው ይመለሳሉ።»

«ምን ይዤ ልመለስ?»

«ምንም።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኛ የስልሳ ስድስት ሰዎች መሄድ አላነሰንም። ከቆላው ተነስተን የመኪና መንገዱን ዳር ይዘን ሄደናል፣ የት እንደምንደርስ ሳናውቅ ሄደናል፣ ምንም ሳንይዝ ሄደናል። ያን ጊዜ ለራሴ አንድ ነገር ብያለሁ፤ አላህ ካተረፈኝ ያለ ጉዳይ አንድ እርምጃ አልሄድም ብያለሁ። እና አልሄድኩም። ለሱቅ እሄዳለሁ፣ ለመስጊድ እሄዳለሁ፣ ለለቅሶ እሄዳለሁ። ያለ ጉዳይ የሚሄድ ወይ ያበደ ነው ወይ የራበው ነው፣ እኛ የምናውቀው ይህን ነው።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለሉባባ ነገርኳት።

«ምን አለችህ?»

«ሂድ አለችኝ።»

«ወዴት?»

«የትም።»

«በስልሳ ስድስት የሄድነው አይታሰብልንም?» አለች ሉባባ።

«ሆድህ ይቀንስ ነው የምትለው።»

ሉባባ ሆዴን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይህን ሆድ ለማብቀል ስንት ዓመት እንደፈጀብን አልነገርካትም?» አለችኝ።

በማግስቱ የአስርን ሶላት ሰግጄ፣ ሸራ ጫማ አድርጌ በሮቢት መንገድ ወጣሁ። ገና ከከተማው ሳልወጣ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ።

«አያ ይመር፣ ምነው በእግርዎ? ይግቡ።»

«መሄዴ ነው ልጄ።»

«ወዴት?»

«የትም።»

ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ክንዴን ያዘኝ፣ ልክ እንደ በሽተኛ። «ሒሳብ መቼ ጠየቅኩዎት? የአባቴ ወዳጅ በእግሩ ሲኳትን አይቼ ባልፍ ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ አስገባኝና ሮቢት አደረሰኝ። ሮቢት ላይ ደግሞ የጥንት ደንበኞቼ አሉ፣ «ያለ ሻይማ አይመለሱም» ይላሉ፤ የእንግዳ ሻይ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ሦስት ቤት ገባሁ፣ ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ፣ በሌላ ባጃጅ ተመለስኩ።

«ሄድክ?» አለች ሉባባ።

«ሄድኩ።»

«ጫማህ አቧራ አልነካውም።»

እንዲህ እያልኩ ሰነበትኩ። አንዱ ያሳፍረኛል፣ ሌላው ሻይ ያጠጣኛል፣ እና በእንቅስቃሴ ምክንያት ወፈርኩ። ይባስ ብሎ «ይመር ከሰረ» የሚል ወሬ ወጣ። አንዲት ጎረቤታችን አንድ ቁና ማሽላ በነጠላዋ ሸፍና ለሉባባ አመጣችላት። «ለማንም አልናገርም፣ እኅቴ» ብላ ጆሮዋ ላይ ነው የነገረቻት።

«ታዲያ ምን አልሻት?» አልኳት ሉባባን።

«ተቀበልኳት። ማሽላው ጥሩ ነው።»

ያን ጊዜ ማሰብ ጀመርኩ። በእኛ አገር ሰው የማያስቆመው መንገደኛ ማነው? ከብት የጠፋበት ሰው ነው። ከብት ፈላጊን ሻይ ጠጣ አትለውም፣ ባጃጅ ላይም አታሳፍረውም፣ በባጃጅ ከብት አይፈለግማ። «አላህ ያግኝልህ» ብለህ ታሳልፈዋለህ። እና ከጓዳ አንድ የግመል ገመድ አውጥቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩ። ልብ በሉ፣ አልዋሸሁም። «አያ ይመር፣ ግመል ጠፋዎት እንዴ?» ሲሉኝ «አላህ ያውቃል» ነው የምለው። አላህ አያውቅም?

ተሳካ። እንደ ልቤ ሄድኩ። ጫማዬ አቧራ ጠጣ፣ ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በሳሁ፣ እግሬም ይሞቀኝ ጀመር። አንድ ነገር ግን ረሳሁ፣ አፋርን ረሳሁ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይለዋወጥ አይለያይም፣ ዳጉ ይሉታል። ገበያ የመጣው አንዱ ገመዴን አይቶ ኖሮ፣ ወሬው ቆላውን ሁሉ አዳረሰው።

አንድ ቀን የቤቴ በር ተንኳኳ፣ ስወጣ ሐመዱ ቆሟል። ሐመዱ ከእኔ ስኳር የሚገዛ የአፋር ወዳጄ ነው። ከኋላው ግመል አለ።

«ይመር፣ ግመልህን አመጣሁ» አለኝ። ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ነው የመጣው።

«የእኔ መሆኑን በምን አወቅክ?»

«አንገቱ ላይ ያለው ምልክት የአፋር አይደለም፤ የእናንተ አገር ሰው ምልክት ነው። ከእናንተ አገር ደግሞ ግመል ጠፍቶት የሚዞር አንተ ብቻ ነህ። ዳጉ እንዲህ ነው የሚለው።»

እንግዲህ ዝም ብዬ ብቀበለው የሰው ግመል ነው። የለኝም ብል ደግሞ ሰውዬውን ስለ እኔ ሁለት ቀን ፀሐይ በልቶታል። ሉባባ በበሩ ስንጥቅ ታየኛለች፣ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ሐመዱ፣ ግመል የለኝም» አልኩት።

«ታዲያ ገመዱስ?»

«ለስኳር ነው።»

አየኝ፣ አየኝ። «ስኳር ጠፍቶህ ነው በገመድ የምትፈልገው? ያውም አንተ?»

አስቀምጬ ከሐኪሟ ጀምሬ እስከ ማሽላው ነገርኩት። እሱ አልሳቀም፤ አፋር ወሬን ሳይጨርስ አይስቅም። ስጨርስ «ገባኝ። አንተ ግመል ሳይኖርህ ግመል ፈለግክ። አሁን ባለቤት የሌለው ግመል በሩ ላይ ቆሟል። እንግዲህ ባለቤቱን ፈልግ፣ መሄጃ አገኘህ» አለና ያን ጊዜ ሳቀ፣ ሻዩንም ያለ ስኳር ጠጥቶልኝ ሄደ።

ታዲያ ግመሉን ይዤ ልወጣ ስል ሉባባ ነጠላዋን አጣፍታ ብቅ አለች። «ብቻህን የማታውቀውን ግመል ስትጎትት ቢያዩህ ሰረቀ ይሉሃል። ሚስቱን ይዞ የሚሰርቅ ግን የለም» አለችኝ። እና ሁለታችን አንድ ቀን ሮቢት፣ ሌላ ቀን በመስኩ መንገድ፣ በስተመጨረሻም ጎብዬ ገበያ ደረስን። እዚያ አንድ ገበሬ ምልክቱን አየ፣ ቃል ሳይናገር የግመሉን አንገት አቀፈ። ወሩን ሙሉ ፈልጎት ተስፋ ቆርጦ ነበር። ስንመለስ ባዶ እጃችንን ነን፣ ሁለታችንም ባጃጅ አልጠራንም።

«እንግዲህ ጉዳዩ አለቀ፣ ነገስ በምን ምክንያት ልውጣ?» አልኳት።

«ነገ እኔ እጠፋለሁ፣ ፈልገኝ» አለችኝ።

በስልሳ ስድስት በዚያው መንገድ ሉባባ ጠፍታብኛለች። ገና መጋባታችን ነው፤ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ይሄዳል፣ ዞር ስል የለችም። ሁለት ቀን ስሟን እየጠራሁ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ እና ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጣ አገኘኋት፤ መነሳት አቅቷታል። ስለዚያ ቀን ሁለታችንም አውርተን አናውቅም።

«በዚህ አትቀልጂ» አልኳት።

«አልቀለድኩም። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ነው የጠበቅኩህ። አሁን አልቀመጥልህም፣ ከቻልክ ድረስብኝ» አለችኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አስር ሰግዳ እሷ ትቀድማለች፣ እኔ እከተላለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ሚስቴን ፍለጋ ነው» እላለሁ፤ እውነት ነው፣ ማንም ሻይ አይለኝም።

ሒሳቡን ትፈልጋላችሁ? ከኪሳራ ልጀምር። ሆዴ ሄዷል። ሻይ እንደ ውኃ ሆኖብኛል። የጎረቤታችንን ማሽላ አንድ ቁና ተቀብለን ሁለት ቁና መልሰናል፣ ስማችን ይዳን ብለን። ቆላ ያለው ሁሉ «ስኳር በገመድ የሚፈልገው ሰውዬ» ይለኛል፣ ይህም ይቆጠር። ወደ ትርፍ ስንመጣ፣ ሐኪሟ ስኳሩ በግማሽ ወርዷል ብላኛለች። እግሬ ሁለት ነው፤ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ሲገባ ያመኛል፣ ሲያመኝም አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ከሰይድ በር ሳልፍ «ለእኔም ሂድልኝ» ይለኛል፤ እሱን ከየትኛው ወገን እንደማስገባው አላወቅኩም።

«ታዲያ አያ ይመር፣ ሲደማመር ተረፈዎት ወይስ ከሰሩ?» ትለኛለህ አንተ።

ተረፈኝ፣ ልጄ፣ ተረፈኝ። ስንት ነው ካልክ ደግሞ ቁጭ ብዬ አልነግርህም። ሉባባ ወፍጮ ቤቱን አልፋለች፣ ያቺ በበሩ የምትታየው ነጠላዋ ናት። ልሂድ፣ ትርቅብኛለች።