መሪጌታ አካለ ወልድና ኮንስትሩ የምትባለዋ ግሥ

ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው ሚኒባስ ከከተማው ወጥቶ ብዙ ሳይርቅ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ረዳቱ ክሪክ ፍለጋ ወንበር ሥር ገባ፤ ተሳፋሪውም እያጉረመረመ ወርዶ በመንገዱ ዳር ባለው የባሕር ዛፍ ጥላ ተበተነ።

መሪጌታ አካለ ወልድ ግን አላጉረመረሙም። ሉማሜ የሄዱት በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ሊያስታርቁ ነበር፤ አስታርቀው፣ መርቀውና ጠግበው ስለሚመለሱ ልባቸው ሙሉ ነበር። ነጭ ጥምጥማቸውን አስተካከሉና ከጥላው ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኒህ ሰው በደብረ ኤልያስ አካባቢ የቅኔ ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ፣ ለድኻ የሚያዝኑ፣ ጨዋታ የሚያውቁ መምህር ናቸው። አንድ የማይወዱት ነገር ቢኖር እንግሊዝኛ ነበር። ለምን እንደሚጠሉት የሚጠይቃቸው ሰው ስላልነበረ እሳቸውም ምክንያታቸውን መርምረውት አያውቁም።

ከአጠገባቸው ሹራብ የደረበች ወጣት ሴት ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። መሪጌታ ጥቂት አዩዋትና ደስ ብሏቸው፣

«ልጄ፣ ዳዊት ትደግሚያለሽ?» አሏት።

ወጣቷ ዓይኗን ገለጠችና ሣቅ አለች። «አይ አባቴ፣ ይቺ እንኳ የእንግሊዝኛ ግሥ ናት። ነገ የማስተምራት ስለሆነች እየተለማመድኩ ነው። ወንጌላዊት እባላለሁ፤ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ።»

የመሪጌታ ፊት እንደ መኸር ሰማይ ድንገት ዳመነ። «ይሁን እንግዲህ። እንጀራሽ ከሆነ ምን ይደረጋል።»

«አልወደዱልኝም፤ አይደለም?»

«አንቺንማ ወድጄሻለሁ፤ ስምሽም መልካም ነው። ቋንቋው ግን የሱቅ ቋንቋ ነው። አምጣ፣ ውሰድ፣ ስንት ነው ለማለት ይበቃል። ሕግ የለው፣ ምስጢር የለው! ልጆቻችን እሱን ሲለቃቅሙ የራሳቸውን ይጥላሉ። መጀመሪያ ቃል ይማራሉ፣ ቀጥሎ ንቀት ይማራሉ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ወይም ፊቱን አዙሮ ዝም ይል ነበር። ወንጌላዊት ግን መምህር ነበረችና፣ ተማሪ ሲሳሳት መልካሙ መንገድ ሥራ መስጠት እንደሆነ ታውቃለች።

«እንደዚያ ከሆነ አባቴ ይርዱኝ» አለች። «ሕግ የሌለው ቋንቋ ከሆነ ተማሪዎቼ በዚህች አንድ ግሥ ለምን ይወድቃሉ? ኮንስትሩ ትባላለች።»

«ኮንስትራክሽን? የግንበኛ ቃል ናት?»

ወንጌላዊት እጇን አጨበጨበች። «ይኸው! ግማሹ ክፍል የሚለው እሱን ነው። አንዱ ተማሪዬ ‹ሰውየው ቤት ኮንስትሩ አደረገ› ብሎ ጻፈ። ሊል የፈለገው ‹ሠራ› ነው፤ ለዚያ ግን ኮንስትራክት የምትባል ሌላ ግሥ አለች። ኮንስትሩ ትርጉሟ ‹ተረጎመ› ነው።»

«የትኛው ተረጎመ?» አሉ መሪጌታ ወዲያው። ይህን ያሉት ሳያስቡት ነው፤ ቅኔ የሚያስተምር ሰው ቃል ሲሰማ መጠየቁ አይቀርም። «ከግዕዝ ወደ አማርኛ መመለስም ትርጉም ነው፤ የነገርን ምስጢር መፍታትም ትርጉም ነው።»

«ሁለተኛው ነው። ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ለመመለስ በዛሬው እንግሊዝኛ ትራንስሌት ይሉታል። ኮንስትሩ ግን የሰውን ቃል፣ ሥራ ወይም ዝምታ አይቶ ‹ይህ ማለት እንዲህ ነው› ብሎ መያዝ ናት። ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር ለየብቻ ኮንስትሩ ሊያደርጉት ይችላሉ።»

«ታዲያ የአንድምታ ዘመድ ናታ!»

«ዘመድነት አታጣም። ደግሞ ከበድ ያለች ቃል ናት፤ በሕግ፣ በውልና በሸንጎ ነው የምትገኘው። ገበያ ወጥቶ ጓደኛውን ‹ምን ማለትህ ነው?› የሚል ሰው አይጠቀምባትም፤ ቢጠቀም ያስቅበታል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ። የተቀየመው ፊታቸው ሳያውቁት ተፈትቷል። «እሺ፣ ሙያዋን ንገሪኝ። ባለቤቷ ማን ነው? ተሳቢዋስ?»

«ባለቤቷ የሚተረጉመው ሰው ነው። ተሳቢዋ የሚተረጎመው ነገር ነው። ከተሳቢው ቀጥሎ አዝ የምትባል አገባብ ትመጣለች፤ አዝ ማለት በእኛ ‹እንደ› ናት። ከሷ ቀጥሎ ሰውየው የሰጠው ትርጉም ይገባል። ለምሳሌ፦ አበበች፣ ሣቄን፣ እንደ ፌዝ፣ ተረጎመች።»

«አገባቧ በግዕዝ ‹ከመ› መሆኗ ነዋ።»

«እንዴታ! ተማሪዎቼ የሚሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው። እኛ ‹እንደ ፌዝ ተረጎመችው› እንላለን፤ ‹እንዳፌዝኩባት አድርጋ ተረጎመችው›ም እንላለን። እንደ የምትለው ቃል ሁለት ቤት ታገለግላለች። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ ቤት ሁለት ሠራተኛ አለው፦ ስም ሲከተል አዝ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲከተል ዛት። ኮንስትሩ የለመደችው አዝን ነው። ልጆቹ ዛትን ሲያመጡባት ዓረፍተ ነገሩ ይጎረብጣል።»

መሪጌታ ጥቂት አሰቡና ሣቁ። «ስለዚህ የልጆቹ ስህተት ከእንግሊዝኛ አልመጣም። አማርኛቸውን ስላልመረመሩ ነው!»

«እኔም ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ነገ ከዚሁ ነው የምጀምረው» አለች ወንጌላዊት ከልቧ።

ሰው የጠላውን ነገር ከቅርብ ሲያየውና ሕግና ሥርዓት ሲያገኝበት፣ ጥላቻው ማረፊያ ያጣል። መሪጌታም በዚያች ሰዓት የሆነባቸው ይኸው ነው። ቢሆንም በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩምና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሕግ እንዳለው አየሁ» አሉ። «ንቀት ማስተማሩን ግን በዓይኔ ያየሁት ነው። ድረስ የሚባል አስነጋሪ ነበረኝ፤ እኔ የዘረፍኩትን ቅኔ ለተማሪው ቁጭ ብሎ የሚፈታ፣ በኋላ ወንበሬን ይወርሳል ያልኩት ሰው። ከጉባኤው እየተሰወረ ማርቆስ የማታ እንግሊዝኛ ይማራል አሉኝ። ጠርቼ ‹ጉባኤያችን አነሰህ ወይ?› ብለው ዝም አለኝ። ደግሜ ብጠይቀው ዝም። ‹እንግዲያው እንግሊዝኛህ ዘንድ ሂድ› አልኩት፤ ሄደ። ከጥምቀት ወዲህ አላየሁትም።»

ወንጌላዊት ሽማግሌውን ልታጽናና ብላ፣ «በሉ አባቴ፣ በግሧ እርስዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሥሩ። በአማርኛ ይበሉት፣ እኔ እመልሰዋለሁ» አለች።

«ሌላ ምን አስባለሁ፤ ስለ እሱው ልበል። ‹የድረስ ዝምታ እንደ ንቀት ተተረጎመ።›»

«ሂዝ ሳይለንስ ዋዝ ኮንስትሩድ አዝ ኮንቴምፕት።»

መሪጌታ ቀስ እያሉ ከእሷ ጋር ደገሙት። አንዴ ሰበሩት፣ ቀጥሎ አቀኑት። «ምላስ ላይ አይከብድም!» አሉና ፈገግ አሉ። «ይህ እንግዲህ ተገብሮ ነው።»

«አዎ፣ ተገብሮ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህችን ግሥ በተገብሮ መጠቀም ይወዳሉ። አንድ ጉዳት ግን አለው፤ ተርጓሚው ይሸሸጋል። ስለዚህ ተማሪዎቼን ወደ ገቢር መልሱት እላቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ባለቤት መፈለግ ግድ ይሆናል። ይህንንስ ብንመልሰው? ዝምታውን እንደ ንቀት የተረጎመው ማን ነው?»

ጥያቄውን የጠየቀችው በየዋህነት፣ እንደ ማንኛውም ልምምድ ነበር። መሪጌታ ግን ዕድሜ ልካቸውን ‹ባለቤቱ ማን ነው?› እያሉ ስንቱን ተማሪ በላብ አጥምቀዋል! አሁን ጥያቄው ወደ እሳቸው ዞረና ባለቤቱን ፈለጉት። ድረስ አልነበረም። እንግሊዝኛም አልነበረም። ሾፌሩ የጎማውን ብሎን ያጠብቃል።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ።

ወንጌላዊት ደነገጠች። «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ እኔ እኮ እርስዎን ለማለት...»

«የለም ልጄ፣ ሙያው ትክክል ነው። አሟይው።»

«አይ ኮንስትሩድ ሂዝ ሳይለንስ አዝ ኮንቴምፕት፤ አይ ማለት ‹እኔ› ነው።»

«ያ ልጅ ሰባት ዓመት ሲያገለግለኝ አንድ ቀን ቃል መልሶልኝ አያውቅም» አሉ መሪጌታ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ለመምህር መልስ መመለስ ነውር ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔው! ዝም ቢል ምን ይደንቃል? ትናንት እነዚያን ወንድማማቾች ‹አንዱ የሌላውን ነገር በክፉ አይተርጉም› ብዬ ስመክር ዋልኩ።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «ሰው ስቶ ሲተረጉምስ ምን ይሉታል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ከፊቷ ሚስ የምትባል ቅጥያ ይጨምሩባታል። ሚስኮንስትሩ ትሆናለች። አይ ሚስኮንስትሩድ ዩር ሳይለንስ፤ ‹ዝምታህን ስቼ ተረጎምኩት› ማለት ነው። ስህተቱን ቃሉ ራሱ ስለተናገረ አዝ እንኳ አያስፈልጋትም።»

«እንዲህ በአጭሩ ንስሐ የሚያስገባ ቋንቋ የሱቅ ብቻ አይደለም» አሉ መሪጌታና በሣቅ ፈነዱ። ያን ጊዜ ረዳቱ «ግቡ! ግቡ!» እያለ ጮኸ። ደብረ ማርቆስ እስኪደርሱ ድረስ መሪጌታ ዓረፍተ ነገሯን በለሆሳስ ሲደጋግሙ፣ ፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ጸሎት መስሏት አማተበች።

ከመናኸሪያው ሲወርዱ ወደ ደብረ ኤልያስ መኪና አልተሳፈሩም። ባጃጅ ይዘው ከገበያው በስተጀርባ ወዳለው፣ ድረስ ወደተጠጋበት ወደ አክስቱ ወደ ወይዘሮ ያለምወርቅ ቤት ሄዱ። ድረስ በር ሲከፍት መምህሩን አየና ከወገቡ ጎንበስ አለ፤ እንደ ልማዱም ዝም አለ። መሪጌታ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉትና፣

«አይ ሚስኮንስትሩድ ዩር ሳይለንስ» አሉት።

ድረስ ሣቁም እንባውም አንድ ላይ መጣበት። «የኔታ! እርስዎ?»

«እኔ። አሁን ደግሞ ዝም እንዳትል፤ ተናገር። ለምን ነበር?»

«ብመልስልዎ ድፍረት ይሆንብኛል ብዬ ነው የኔታ። ነገሩስ፣ ቀደም ሲል በደብራችን ክብረ በዓል የመጡት የውጭ እንግዶች የእርስዎን ቅኔ ሰምተው አስጎብኚውን ‹ምን አሉ?› ቢሉት ‹ዘፈን ነው፣ ያመሰግናሉ› ብሎ አለፈው። ጎናቸው ቆሜ ነበር። ምስጢሩን አውቃለሁ፣ ቋንቋው የለኝም። ያን ቀን አንጀቴ አረረ። እንግሊዝኛ የጀመርኩት ከጉባኤው ሸሽቼ አይደለም፤ ጉባኤውን ይዤው ልወጣ ብዬ ነው።»

መሪጌታ ግንባሩን ሳሙት። ወይዘሮ ያለምወርቅም ጉዳዩን ሳይጠይቁ እልልታቸውን አቀለጡትና ጠላ ቀዱ።

ድረስ ወደ ጉባኤው፣ ወደ አስነጋሪነቱ ተመለሰ። ወንጌላዊትም በመሪጌታ ጥሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጉባኤው እየመጣች ለቅኔ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረች። መሪጌታ በምላሹ ማርቆስ ሄደው ለእሷ ተማሪዎች ባለቤትን፣ ተሳቢን፣ ገቢርና ተገብሮን በአማርኛ ያስረዷቸዋል። ከዚያ ወዲህ በክፍሏ ‹ቤት ኮንስትሩ አደረገ› የሚል ተማሪ አልተገኘም፤ ዛትን የሚያመጣ ግን አልፎ አልፎ አይጠፋም፤ ወዲያው ጓደኞቹ «አዝ!» ብለው ይጮኹበታል።

በሰበካው ነገሩ ያልጣማቸው አልታጡም። አቶ ታረቀኝ የተባሉ የተከበሩ ሽማግሌ በስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «መሪጌታ፣ በቅኔ ቤት እንግሊዝኛ ምን ይሠራል?» አሏቸው።

«እኔም እንደርስዎ እል ነበር» አሉ መሪጌታ በትሕትና። «አሁን ግን ጥቅሙን ልንገርዎ። ሌላ ቋንቋ በሥርዓት የተማረ ልጅ የራሱን ቋንቋ ሕግ ይመረምራል፤ ድሮ በልማድ ይናገር የነበረውን አሁን አውቆ ይናገረዋል። ውል ሲቀርብለት ቃሉ ወዴት እንደሚያደላ ያውቃል፤ ሌላ ሰው እንዳሻው አይተረጉምለትም። የአባቶቹንም ሀብት ለእንግዳ ራሱ ይገልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የሰው ነገር ከመተርጎሙ በፊት ‹ተርጓሚው ማን ነው?› ብሎ መጠየቅን ይለምዳል። ይህ ለጎረቤትም ለትዳርም ይበጃል።»

አቶ ታረቀኝ ጢማቸውን አሹ። «እንግዲያው የልጄን ልጅ ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ» ብለው ተቀመጡ።

በሚቀጥለው ክብረ በዓል ከሩቅ አገር የመጡ አጥኚዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተገኙ። መሪጌታ ዕለቱን አንዲት መበለት ስለበደለ ዳኛ ቅኔ ዘረፉ። የቅኔው ቁልፍ ፈትሐ የሚለው የግዕዝ ቃል ነበር፤ ፈረደም፣ ፈታም ማለት ይሆናል። ላይ ላዩን ዳኛው በመበለቲቱ ላም ጉዳይ ፈረደ ይላል፤ ውስጡ ግን ዳኛው የመበለቲቱን ላም ከግርግሟ ፈትቶ ነዳ ይላል። ካህናቱና ሕዝቡ እኩል ሣቁ። እንግዶቹ ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን ተመለከቱ።

ድረስ ወደ እነሱ ጠጋ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ቃሉን አንዱ ወገን እንደ ‹ፈረደ› ኮንስትሩ እንደሚያደርገው፣ ሌላው ወገን እንደ ‹ፈታ› ኮንስትሩ እንደሚያደርገው በእንግሊዝኛ አስረዳ። የዋናዪቱ አጥኚ ፊት መጀመሪያ ጠበበ፤ ቀጥሎ ዓይኗ ሰፋ፤ «ላሟን!» ብላ በቋንቋዋ ጮኸችና ሆዷን ይዛ መሣቅ ጀመረች።

መሪጌታ አካለ ወልድ ከወዲያ ማዶ ቆመው ይህን ሣቅ ሰሙት። ያለቦታው የመጣ ሣቅ አልነበረም፤ የደብረ ኤልያስ ሰው በሣቀበት ቃል ላይ፣ በዚያው ነገር የመጣ ሣቅ ነበር። ቅኔያቸው ባሕር ተሻግሮ መድረሱን አወቁና፣ መቋሚያቸውን አንሥተው ከካህናቱ ጋር ወረብ ገቡ።