ግድግዳው ላይ የተመለሰችው ወረቀት

ወሬውን መጀመሪያ የሰማሁት ከዋጫ ወደ ቦንጋ፣ ከአገሬ ርቄ ወደተመደብኩባት ከተማ፣ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠችው ወጣት የመሬት መዝገብ ሶፍትዌር ከሚሠሩት አንዷ ናት፤ አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው።

«የአንቺን ሥራ ወረቀት ኃላፊው ቢሮው ግድግዳ ላይ ካለው የሥራ ሰሌዳ ‹ያለቀ› ከሚለው ስር ለጠፋት አሉ።»

«እንግዶች ከበላይ ስለመጡ ነዋ። እኔ እዚያው ፊታቸው አንስቼ ‹በመሠራት ላይ› ወደሚለው መለስኳት።»

«አንድ ቀን ብትታገሺ ምን ነበረበት?»

«ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ እኮ አንዱን ማሳ ለሁለት ገበሬ ይመዘግባል። አልቋል ካልን ነገ ሥራ ላይ ይውላል።»

«የካይዘን የአሠራር ማሻሻያ ስልጠና የሰጠን ኃላፊው ራሱ አይደል?»

«ችግር አይደበቅም ብሎ ያስተማረኝም እሱ ነው።»

«በግምገማ ያነሳብሻል።»

«ያንሳ። ወረቀቷን ‹ያለቀ› ስር የሚፈልጋት ከሆነ ስሙን ጽፎባት ይለጥፋት።»

«ይሄ ምላስሽ ከቢሮ አስወጥቶ ገጠር ሺሺንዳ ያስመድብሻል።»

«ሺሺንዳም ማሳ ያለው ገበሬ አለ፣ ጋሼ።»

እኔ የጸሎት መቁጠሪያዬን ይዤ ቦንጋ ወረድኩ፤ ሰሌዳው ባለበት በዚያ ክፍል የነበራችሁ ግን፣ ወረቀቷን ስትመልስ አብሯት የቆመ ሰው ከነበረ እባካችሁ ንገሩኝ።